የትራንዚተር ስልክ፦ ለጎግል ምን ከለከልኩት፣ ምን ተውኩለት

ድሬዳዋ ውስጥ የትራንዚት ሥራ፣ ማለትም የደንበኛን ዕቃ ከጉምሩክ የማስወጣት ሥራ፣ የሚሠራ ሰው ቢሮው ስልኩ ነው። የጅቡቲ መስመር ሾፌሮች ቁጥር፣ የደንበኛ ንግድ ፈቃድ፣ የቲን ሰርተፍኬት፣ ኢንቮይስ፣ ፓኪንግ ሊስት፣ ዲክላራሲዮን (የጉምሩክ መግለጫ)፤ ሁሉም በፎቶ ተነስቶ እዚያው ነው ያለው። ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ማንሳት፣ በቴሌግራም መላክ፣ ከዚያ መርሳት። የሥራው ጸባይ ነው።

ነገሩን ከምር የያዝኩት ለራሴ ሰግቼ አይደለም። ፎቶዎቼን ራሱ ወደ ጎግል እየላከ በሚያስቀምጠው ጎግል ፎቶስ መፈለጊያ ላይ የአንድ ደንበኛዬን ድርጅት ስም በላቲን ፊደል ጻፍኩ። ፎቶውን በስሙ አላስቀመጥኩትም። ኢንቮይሱ ግን ወዲያው ዱብ አለ፤ ከሥሩም ጭራሽ የረሳኋቸው የሰውየው ወረቀቶች ተከታትለው መጡ። ፎቶው ላይ የታተመውን ጽሑፍ ማሽኑ ቁጭ ብሎ አንብቦታል ማለት ነው። አልዋሽም፣ ለሥራዬ በጣም ይመቻል። ሰውየው ግን ወረቀቱን የሰጠው ለእኔ ነው እንጂ ካሊፎርኒያ ላለ ኩባንያ አይደለም።

ይህን ለሾፌሮቹ ሳወራ ሳቁብኝ። አንድ ሸምገል ያሉ ሾፌር ሻያቸውን ፉት እያሉ፣ «አቦ ተወና! ጎግል ድሬ ድረስ መጥቶ ምን ሊያረግህ ነው?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ አይመጣም። መምጣትም አያስፈልገውም።

እነዚህ ኩባንያዎች ለእኔ ክፋት አስበው አይደለም፤ እንጀራቸው ነው። የጎግል ባለቤት የሆነው አልፋቤት ከሚያገኘው ገቢ ሦስት አራተኛ ገደማው ከማስታወቂያ ነው። ፌስቡክን፣ ኢንስታግራምንና ዋትስአፕን የያዘው ሜታ ደግሞ ከሞላ ጎደል ሙሉ ገቢው ከዚያው ነው። ማስታወቂያ በደህና ዋጋ የሚሸጠው ሰውየው የት እንደሚውል፣ ምን እንደሚፈልግ፣ ከማን ጋር እንደሚገናኝ ሲታወቅ ነው። «ነፃ» የምንለው አፕ ሒሳቡ የሚወራረደው እዚያ ላይ ነው።

መጀመሪያ ምንም አልዘጋሁም። ምን እንደሚያውቁ ማየት ፈለግኩ። ሴቲንግ ገብቶ፣ ጎግል የሚለውን ተጭኖ፣ ከአካውንቱ ውስጥ «ዳታ ኤንድ ፕራይቬሲ» የሚለውን መክፈት ነው። «ማይ አክቲቪቲ» ላይ ጎግልን የጠየቅኩት ሁሉ ከነሰዓቱ ተደርድሮ አገኘሁት፤ የጎማ ዋጋ፣ የወገብ ሕመም፣ ሌሊት እንቅልፍ አጥቼ የፈለግኩት ዝባዝንኬ ሳይቀር። የቦታ ታሪክ በሚታይበት «ታይምላይን» ላይ ደግሞ መንገዴ በካርታ ተስሏል። ከሳቢያን ወደ ከዚራ፣ ከከዚራ ወደ ጉምሩክ፣ በሙቀቱ ሰዓት ወደ ቤት፣ አመሻሽ ላይ እንደገና ወደ ከዚራ። ጅቡቲ ድንበር፣ ደወሌ ደርሼ የተመለስኩበትም አልቀረም። ባለቤቴ እንኳ ውሎዬን እንዲህ አታውቀውም፤ ባታውቀውም ይሻላል።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። የቦታ ታሪክ የሚባለውን ብቻ ማጥፋት አይበቃም። እ.ኤ.አ. በ2018 አሶሺየትድ ፕሬስ የተባለው የዜና ወኪል እንዳጋለጠው፣ ሰው ያንን አጥፍቶም ጎግል ቦታውን ይመዘግብ ነበር፤ «ዌብ ኤንድ አፕ አክቲቪቲ» በሚባል ሌላ ማብሪያ ማጥፊያ በኩል። ጉዳዩ ተጎትቶ እ.ኤ.አ. ኅዳር 2022 ጎግል ለ40 የአሜሪካ ግዛቶች 391.5 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ስለዚህ ሁለቱንም አጠፋሁ። ያለፈውንም ሰረዝኩ። ታሪኩ ይጠቅመኛል የሚል ሰው ቢያንስ በየ3 ወሩ ራሱ እንዲሰረዝ ማድረግ ይችላል፤ ምርጫው እዚያው አለ።

ቀጥሎ የማስታወቂያ መለያ ቁጥር። እያንዳንዱ አንድሮይድ ስልክ አንድ አለው። መኪና ላይ እንደሚለጠፍ ታርጋ ነው፦ የሹፌሩን ስም አይናገርም፣ ግን በየኬላው የቆመ ሁሉ ካየው መኪናው የት እንደዋለ ይገጣጠማል። አንዱ አፕ ጌም ሲሆን ሌላው የአየር ሁኔታ ነጋሪ፤ ሁለቱም ያንን ቁጥር ካነበቡ ማስታወቂያ ሻጩ ያው አንድ ሰው መሆንህን ያውቃል። ከአንድሮይድ 12 ወዲህ ፕራይቬሲ ውስጥ «አድስ» የሚለው ገብቶ ቁጥሩን ጨርሶ መሰረዝ ይቻላል። ከዚያ በኋላ የሚጠይቅ አፕ የሚደርሰው ተራ ዜሮ ነው። ደቂቃ አይፈጅም። አይፎን ላይ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2021 ወዲህ አፑ «ልከታተልህ ወይ?» ብሎ እንዲጠይቅ ተገዷል፤ «አይሆንም» ብሎ መመለስ ነው።

ከሁሉም ብዙ ጊዜ የወሰደብኝ የስልክ ቁጥሮች ጉዳይ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዋና ነገርም እሱ ነው።

አንድ ቀን ከዚራ ከማላውቀው ሰው ጋር ስለ ጭነት ስናወራ ቁጥር ተለዋወጥን። ደወልኩለት። ስልኩ ላይ የመጣው ስም «ትራንዚት ውዱ» የሚል ነው። ሰውየው አፈረ። እኔ ሳቄ መጣ። እሱ አልመዘገበኝም፤ የደዋይ ስም የሚያሳይ አፕ ነው ያመጣው። አንዱ ደንበኛዬ በስልኩ እንዲያ ብሎ መዝግቦኛል፣ አፑ የሰውየውን የስልክ ማውጫ ጠቅልሎ ወስዷል፣ ከዚያ ለማንም ያሳያል። እኔ አፑን ጭኜው አላውቅም።

ማታ የራሴን ማውጫ ከፍቼ አየሁ። ሰው ስም የሚያወጣው ለራሱ ነው። «ሹፌር ይጠጣል»፣ «ሀጂ ዱቤ»፣ «ኢንስፔክተር ጥሩው»፣ «አታንሳ»። ለአንድ አፕ «ኮንታክት» የሚለውን ስፈቅድ የምሰጠው የእኔን ነገር አይደለም። የሰዎቹን ቁጥር፣ ሥራ፣ አንዳንዴም ዕዳና አመል ነው። ማንም አላስፈቀደኝም፣ እኔም ማንንም አላስፈቀድኩም።

ስለዚህ እንዲህ አደረግኩ። ከኮንታክት አፑ ሁሉንም ወደ ፋይል አውጥቼ ሚሞሪ ካርድና የቢሮው ኮምፒውተር ላይ አስቀመጥኩ። ቀጥዬ የጎግሉን የኮንታክት ሲንክ (ስልኩንና ጎግልን የሚያመሳስለውን) አጠፋሁ፤ ከዚያ ነው ጎግል ላይ ያለውን የሰረዝኩት። ቅደም ተከተሉ ይጠበቅ። ሲንኩ እንደበራ ጎግል ላይ ከሰረዛችሁ ከስልኩም ይጠፋል፣ ያኔ ጉድ ነው። በመጨረሻ ፋይሉን መልሼ «ስልኩ ላይ» ብዬ አስገባሁ። የማያስከብሩ ስሞችንም ቀየርኩ። «አታንሳ» ብቻ ባለበት አለ።

ከዚያ የአፖች ፈቃድ መቆጣጠሪያ የሆነው ፐርሚሽን ማናጀር ገብቼ ኮንታክት የተፈቀደላቸውን አፖች ዝርዝር አየሁ። የእጅ ባትሪ ይሆነኛል ብዬ የጫንኩት የመብራት አፕ የማን ቁጥር ሊፈልግ ነው? ሁሉንም ከለከልኩ። ቴሌግራም ሴቲንጉ ውስጥ ሲንክ ማጥፊያና እስካሁን የወሰደውን መሰረዣ ስላለው ሁለቱንም ተጠቀምኩ። ዋትስአፕም ኮንታክት ቢከለከል ይሠራል፤ ስም በማሳየት ፈንታ ቁጥር ያሳያል እንጂ። መጀመሪያ ያናድዳል። ቁጥርን በቃል መያዝ የቀረ መስሎኝ ነበር፤ ለካ አልቀረም።

ኪቦርዱን ብዙ ሰው አያስበውም። አማርኛ ለመጻፍ ያገኘነውን እንጭናለን። ስናበራው አንድሮይድ ራሱ ያስጠነቅቃል፤ ይህ ኪቦርድ የምትጽፈውን ሁሉ፣ የይለፍ ቃል ጭምር፣ ሊሰበስብ ይችላል ይላል። እኛ እሺ ብለን እናልፋለን። የባንክ ፒን፣ የሚስት መልእክት፣ የደንበኛ ሒሳብ፣ ሁሉም በእሱ በኩል ነው የሚያልፈው። እኔ ኪይማን ወደተባለው ነፃና ኮዱ ክፍት ወደሆነ (አሠራሩን ማንም ሊመረምረው ወደሚችል) ኪቦርድ ተዛወርኩ፤ የአማርኛ ገበታ አለው። ጣቴ እስኪለምድ ተንተባተብኩ። አሁን ለምጄዋለሁ።

በኢንተርኔት ጥቅል ለሚኖር ሰው በጣም የምመክረው «ፕራይቬት ዲኤንኤስ» የሚባለውን ነው። ዲኤንኤስ ማለት የድረ ገጽን ስም ወደ ቁጥር አድራሻ የሚተረጉም ማውጫ ነው። ከአንድሮይድ 9 ጀምሮ ኔትወርክ ሴቲንግ ውስጥ አለ። ማስታወቂያ የሚያግድ አገልግሎት፣ ለምሳሌ የአድጋርድን፣ አድራሻ እዚያ ላይ መጻፍ ነው። አፑ ወደ ማስታወቂያና መከታተያ ሰርቨሮች ሲጣራ መልስ ያጣል። የልጄ ጌም ላይ በየደቂቃው ብቅ ይል የነበረው ማስታወቂያ ከሞላ ጎደል ጠፋ፣ ጥቅሌም ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል። ሦስት ነገር ግን ይታወቅ። የምትከፍቷቸውን የድረ ገጽ ስሞች አሁን የሚያየው ያ አገልግሎት ነው፤ እምነቱን ከአንዱ ወደ ሌላው አዛወርን እንጂ አላጠፋነውም። ደግሞም አንዳንድ የሆቴል ዋይፋይ በዚህ ምክንያት አልገባም ይላል፤ ያኔ ለጊዜው ማጥፋት ነው። የዩቱብን ማስታወቂያም አያግድም።

ወደ ፎቶዎቹ ልመለስ። የጎግል ፎቶስን ባክአፕ (ቅጂውን ወደ ጎግል መላኩን) አጠፋሁ። የተከማቸውን የራስን ዳታ ማውረጃ በሆነው በጎግል ቴክአውት ወደ ኮምፒውተር አውርጄ ነው የሰረዝኩት፤ መሰረዝ ማለትም ወዲያው ይጠፋል ማለት አይደለም፣ ባክአፕ የሆነ ፎቶ ቅርጫቱ ውስጥ 60 ቀን ይቆያል። ቅርጫቱንም ባዶ አደረግኩ። አሁን ዕቃው ከጉምሩክ ሲወጣ የደንበኛው ፎቶ ከስልኬ ወጥቶ የቢሮው ሃርድ ዲስክ ላይ ይገባል። ሥራ ጨምሮብኛል፤ ድሮ በአንድ ፍለጋ የማገኘውን ወረቀት አሁን ፎልደር በፎልደር ነው የማስሰው።

ስለ መልእክት ብዙ አልልም። ደንበኛው በሙሉ ቴሌግራም ላይ ነው፤ ትቼው ልሂድ ብል ሥራዬን ነው ትቼ የምሄደው። የቴሌግራም ተራ ውይይት ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ የተመሰጠረ፣ ማለትም ላኪና ተቀባይ ብቻ የሚያነቡት፣ አይደለም፤ የድርጅቱ ሰርቨር ላይ ነው የሚቀመጠው፤ «ሲክሬት ቻት» የሚለው ብቻ ነው የሚለየው። ዋትስአፕ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ የተመሰጠረ ቢሆንም ባክአፑን ለብቻ ማመስጠር ያስፈልጋል። ፓስፖርትና የባንክ ወረቀት በዋትስአፕ እልካለሁ። ጅቡቲ ካለው ወንድሜ ጋር ሲግናል የሚባለውን የተመሰጠረ የመልእክት አፕ እንጠቀማለን። ሁለታችን ብቻ።

ጎግልን ከስልኬ ጨርሶ ለመንቀልም አስቤ ነበር። የጎግል አገልግሎቶች ሳይኖሩበት የሚመጣው፣ ግራፊንኦኤስ የሚባለው የስልክ ሥርዓት ይመሰገናል፤ የሚሠራው ግን ጎግል ራሱ በሚሸጠው ፒክስል ስልክ ላይ ነው። ከጎግል ለማምለጥ የጎግል ስልክ ግዛ! ላይንኤጅኦኤስ የሚባለው ሌላው ሥርዓት ብዙ ዓይነት ስልክ ይደግፋል፣ የእኔ ከዝርዝሩ የለበትም። አንድ ጓደኛዬ ሞክሮት የባንኩ አፕ አልከፈትም አለው። ገንዘብ በስልክ በሚተላለፍበት አገር ይህ ቀልድ አይደለም። ተውኩት። በእኔ ግምት ለአብዛኛው ሰው ሙሉ ለሙሉ መንቀሉ ከጥቅሙ ጣጣው ይበልጣል፤ ሴቲንግ ውስጥ ያለውን በደንብ መጠቀም ብዙ ርቀት ይወስዳል።

አገራችን የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አላት። እንደ እኔ የሰው ሰነድ ይዞ የሚሠራ ሰው ቢያነበው ጥሩ ነው፤ ትልልቆቹን ብቻ የሚመለከት ሕግ እንዳይመስለው።

ሻያቸውን ፉት ሲሉ የነበሩት ሾፌር በቀደም ስልካቸውን ይዘው መጡ። «ያንን ያንተን ነገር አርግልኝ እስቲ፣ የልጅ ልጄ ስትነካካው ማስታወቂያ አላስቀምጥ አለኝ» አሉ። ኮንታክቱን፣ የማስታወቂያ ቁጥሩንና ዲኤንኤሱን አስተካከልኩላቸው። ሎኬሽኑን ላጥፋው ስል ግን እጄን ያዙኝ። እሳቸው መንገድ ላይ ሲሆኑ የት እንደደረሱ ባለቤታቸው የሚያዩት በእሱ ነው ለካ። ክፍት ተውኩት፤ ሎኬሽኑን የሚያየው ግን ባለቤታቸው የሚጠቀሙበት አፕ ብቻ እንዲሆን አደረግኩ።