የሐይቅ ደጀ ሰላምና የቅሬው ቤት

ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ነው። መንገዱ ደህና ነበር፣ ልዝለለው። ደሴ ያደርንበት ሌሊት ግን አይዘለልም። ፒያሳ አካባቢ ለአንድ ክፍል 700 ብር ከፈልኩ። ውሃ የለም። ግድግዳው ስስ ነው፤ ጎረቤት ክፍል ያሉት ሰዎች እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ሲያወሩ ቃል በቃል ይሰማኛል። ይህን ያህል ከፍሎ ፊት መታጠቢያ አንድ ባልዲ መለመን ያናድዳል።

ሐይቅ ከተማ ከደሴ በስተሰሜን፣ በወልዲያ መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ናት። ወደ እስጢፋኖስ ገዳም የሚያደርሰን ባጃጅ ስንጠይቅ ልጁ 400 ብር አለን። አጠገባችን በቆሎ የሚሸጡ እናት ሰሙት። "ኧረ ተው! እንግዳ ስለሆኑ ነው? በመቶ አድርሳቸው!" ብለው ተቆጡት። "እሺ እማማ" አለና በመቶ ወሰደን። አላኮረፈም። እንዲያውም ቆሮሶ ዓሣ የት ተጠብሶ እንደሚበላ ሲነግረን ደረስን።

ገዳሙ ያለበት ቦታ ድሮ ደሴት ነበር። ውሃው እየሸሸ ከየብሱ ጋር ስለገጠመ አሁን በእግር ይገባል። ሴት ግን ዛሬም አትገባም። እህቴ ይህን አውቃ ነው የመጣችው፤ ሆኖም በሩ ላይ ትቻት ስገባ ልቤ አልተመቸውም።

ውስጥ ገብቼ ብዙ የቆየሁት ደጀ ሰላሙ ላይ ነው። ዙሪያውን መደብ አለው። አንድ አባት መስቀል አሳለሙኝና "ተቀመጥ ልጄ፣ እንግዳ ቆሞ አይጠየቅም" አሉኝ። ዳቤ ቆርሰው፣ ጠላ በጣሳ ሰጡኝ። ከቅዳሴ በኋላ መነኩሴውም፣ ተማሪውም፣ መንገደኛውም የሚቀማምሰው እዚህ ነው። ወሬ የሚሰማውም፣ የታመመ የሚጠየቀውም እዚህ ነው።

አባ ኢየሱስ ሞአ ከደብረ ዳሞ መጥተው የገዳም ሥርዓትና ትምህርት እዚህ ያቆሙት በ13ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ላይ ነው። አቡነ ተክለ ሃይማኖትም እሳቸው ዘንድ ተምረዋል። ይኩኖ አምላክ በ1270 እ.ኤ.አ. ከነገሠ ወዲህ የሐይቅ አበምኔት "ዓቃቤ ሰዓት" እየተባለ በቤተ መንግሥት ትልቅ ሥልጣን ነበረው። ስለ ሐይቅ ሲነሳ ብዙ ጊዜ የሚወራው ይኸው የነገሥታቱ ታሪክ ነው። እኔን የገረመኝ ግን ሌላው ነው። ከየአገሩ የመጣ ተማሪ በዚች ትንሽ ደሴት አብሮ እየበላ፣ አብሮ እያደረ መጽሐፍ ይገለብጥ ነበር። መሰብሰቢያ ባይኖር ያ ሁሉ ትምህርት የት ይቆም ነበር?

ስወጣ እህቴ በሩ ላይ የለችም። ደንግጬ ስፈልጋት፣ ትልልቅ የድግስ ድስት፣ ጎላ፣ ከሚሸከሙ ሴቶች ጋር የአንዱን ጎላ ጆሮ ይዛ ስትሄድ አየኋት። ወደ ቅሬያቸው ቤት እየሄዱ ነበር፤ እኔም ተከተልኩ።

አዲስ አበባ እድር የምንለውን ወሎ ቅሬ ይለዋል። ቤቱ የጭቃ ነው፣ ጣሪያው ቆርቆሮ። ውስጡ አግዳሚ፣ የድንኳን ምሰሶ፣ ቃሬዛ። ጎላዎቹ በሁለት ረድፍ ተደፍተዋል። ያንደኛው ረድፍ ጆሮ ላይ ቀይ ጨርቅ ታስሯል። የሙስሊሙ እርድ የሚቀቀልበት ነው፤ ሌላው የክርስቲያኑ። ሽሮው ግን ለሁሉም ከአንድ ጎላ ይቀዳል። ጉድጓድ ቆፋሪ የሚመደበውም በተራ ነው፤ የሟቹ ሃይማኖት አይጠየቅም።

የቅሬው ዳኛ ሽማግሌ ናቸው።

"አባባ፣ ቤቱን ማን ሠራው?"

"ማን ይሠራዋል? እኛው ነን። ጭቃውን ረግጠን፣ ቆርቆሮውን አዋጥተን።"

"መዋጮ ያልከፈለ ሰው ቢሞትበትስ?"

"ሬሳ ዕዳ አይጠየቅም። ይቀበራል፣ ሂሳቡ ኋላ ነው።"

እኔ የምኖረው ኮንዶሚኒየም ነው። ለልቅሶና ለድግስ ተብሎ የተሠራው ኮሙናላችን ለዕቃ ማከማቻ ተከራይቷል። ጎረቤታችን ያረፉ ጊዜ ድንኳን የተከልነው በመኪናዎች መሃል ነው። ልጆቻቸው ለቀስተኛ የሚያስቀምጡበት አጥተው ሲንከራተቱ ያየሁት እስካሁን ያንገበግበኛል። ቦታውን የሰጡን የጋራችን እንዲሆን ነበር፤ ኪራዩ ምን እንደሠራልን ግን አንድም ቀን አልተነገረንም።

ቡናው ቶና ላይ ሲደርስ ሁለት ሰዎች የእርሻ ወሰን ጠብ ይዘው ገቡ። ያንዱ ድምፅ ከበር ጀምሮ ይጮሃል። "አብሽር፣ መጀመሪያ ቡና" አሉት ዳኛው። አንድ ሼህና አንድ ቄስ ጎን ለጎን ተቀመጡ። እኛን ውጡ ያለን የለም። ተናጋሪው ሲቆጣ ሼሁ ክንዱን ይዘው ያስቀምጡታል፤ ቄሱ ደግሞ ሌላኛውን "ጨርስ፣ እንሰማሃለን" ይሉታል። በረካው ተጠጥቶም ነገሩ አላለቀም፤ ለሚቀጥለው እሑድ ተቀጠረ። እስከዚያ ወሰኑን እንዳይነኩ ሁለቱም ዋስ ጠሩ።