በልግ ከከፋ ክረምትም ይከፋል?

ፕሮባቢሊቲ (የዕድል ስሌት) ስንማር “ሁለቱ ክስተቶች ነጻ ከሆኑ፣ አብረው የመሆናቸውን ዕድል ለማግኘት የየራሳቸውን ዕድል አባዙ” ይባላል። ነጻ ማለት የአንዱ መሆን የሌላውን ዕድል አይቀይርም ማለት ነው። ሁሉም ሰው ያባዛል። ነጻ መሆናቸውን ግን ማን አጣራ? እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው፣ በተለይ ወሎ ላይ።

ወሎ ላይ ዝናቡ ሁለት ነው፣ በልግና ክረምት። በልጉ ሲቀር “ዘንድሮ ክረምቱም አያምርም” የሚል አይጠፋም። እውነት ነው ወይስ ፍርሃት? በቁጥር ማየት ይቻላል።

ለምሳሌ ያህል፣ የፈጠራ ቁጥር ነው፣ የ50 ዓመት መዝገብ አለን እንበል። በልጉ በ20ው ከፍቷል፣ ክረምቱ ደግሞ በ10ሩ። ዕድላቸው 0.4 እና 0.2 ነው፣ ሲባዛ 0.08። ስለዚህ ነጻ ከሆኑ ሁለቱም የከፉበት ዓመት ከ50ው ወደ 4 ገደማ መሆን አለበት። አሁን መዝገቡን ገልጣችሁ ቁጠሩ። 8 ሆኖ ካገኛችሁትስ? በልግ ከከፋባቸው 20 ዓመታት በ8ቱ ክረምቱም ከፍቷል ማለት ነው፣ 0.4። በልጉ ደህና ከነበረባቸው 30 ዓመታት ግን በ2ቱ ብቻ። በልጉን ማወቃችን ስለ ክረምቱ ያለንን ግምት ቀየረው። ነጻ አይደሉም፣ አለቀ።

5 ከሆነ ግን አትቸኩሉ። እንዲህ ባለ አጭር መዝገብ የአንድ ዓመት ልዩነት እንዲያው በአጋጣሚም ይመጣል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ተማሪ ስለሚያምታታው። በአንድ ጊዜ ሊሆኑ የማይችሉ ክስተቶች፣ የየራሳቸው ዕድል ዜሮ ካልሆነ በቀር፣ ነጻ አይደሉም። አንዱ ከሆነ ሌላው እንደማይሆን ካወቃችሁ ከዚህ በላይ ምን ግንኙነት አለ?

ዋናው ነገር ግን ይሄ ነው፦ የዝናቡና የእህሉ ጥያቄ አንድ አይደለም። ሁለቱ ዝናቦች ፈጽሞ አይገናኙም ብንል እንኳ ምርታቸው ይገናኛል። ደላንታ ላይ የበልግ ገብስ ያጣ ገበሬ ለዘር ያስቀመጠውን ይበላል። ሣር ስለሌለ በሬው ይከሳል፣ ክረምቱ ቢጥል እንኳ እንደልቡ አያርስም። ቆላው ላይ፣ ቆቦና ቃሉ ደግሞ፣ ረጅም ጊዜ የሚቆየው ማሽላ የሚዘራው ሚያዝያ ላይ በበልጉ ዝናብ ነው፣ የሚታጨደው ግን በመኸር። በልጉ ከቀረ ያ ማሽላ መጀመሪያውኑ መሬት አይነካም። ታዲያ በልጉና መኸሩ እንዴት አድርገው ነው ነጻ የሚሆኑት?

የ1966ን እና የ1977ን ነገር ለወሎ ሰው ማንም አይነግረውም። ስለዚህ የረሃብ ስጋት የሚያሰላ ባለሙያ በልግና መኸር አብረው የመክሸፍ ዕድላቸውን ዝም ብሎ አባዝቶ 8 በመቶ ነው ካለ፣ ቁጥሩን ከመቀበላችሁ በፊት ሁለቱ ምርቶች አንድ ላይ የጠፉባቸውን ዓመታት ቆጥሮ እንዲያሳያችሁ ጠይቁት። ካልቆጠረ፣ መጠባበቂያ እህሉም በዚያው ልክ አንሶ ነው የሚገዛው።