የተሰረዘ ደስታ

ፊንላንዳዊቷ የአይስ ሆኪ በረኛ ኖራ ራቲ የዓለም ሻምፒዮን የሆነችው ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። ያውም በተወለደችበት ከተማ፣ ኤስፖ ውስጥ። ቀኑ ኤፕሪል 14 ቀን 2019 እ.ኤ.አ. ነበር።

የሴቶች የዓለም ሻምፒዮና ፍጻሜ ከ1990 ጀምሮ የአሜሪካና የካናዳ ጉዳይ ብቻ ነበር። ፊንላንድ በዋዜማው ካናዳን 4 ለ 2 ረትታ ያንን ሰበረችው። ከአሜሪካ ጋር የተደረገው ፍጻሜ 1 ለ 1 ሆኖ ጭማሪ ሰዓት ተገባ። ፔትራ ኒኤሚነን አገባች። አዳራሹ ቀለጠ። ዱላው፣ ጓንቱ በረዶው ላይ ተበተነ፤ ልጆቹ እየተንጫጩ ተቃቀፉ።

ዳኞቹ ግን ወደ ቪዲዮው ሄዱ። ጎሉ ሲገባ የፊንላንዷ አምበል ዬኒ ሂሪኮስኪ ከአሜሪካ በረኛ ጋር ተጋጭታ ነበር። ምርመራው ረዘመ፣ ረዘመና ጎሉ ተሻረ። የሚገርመው በዚያው ግጭት ጠልፋ ጥላለች ተብላ የተቀጣችው የአሜሪካዋ በረኛ ናት። እኔ ይህ ውሳኔ ዛሬም አይዋጥልኝም።

አጥቂ ብትሆን ንዴቷን ሮጣ ታወጣዋለች። በረኛ የት ትሮጣለች? ያንን ሁሉ መከላከያ እንደለበሰች፣ ጭንብሏን አጥልቃ፣ ተመልሳ ከመረቡ ፊት መቆም አለባት። በአይስ ሆኪ በኳስ ፈንታ የምትመታው ጠፍጣፋዋ ጥቁር ጎማ ስትመጣ ዓይን ለመጨፈን እንኳ ጊዜ አትሰጥም። ሐሳብ ጭፈራው ላይ ከቀረ አለቀ። ራቲ የቀረውን ጭማሪ ሰዓት አንድም ሳይገባባት ጨረሰች። በጨዋታው 50 ምት አድናለች። አሜሪካ ያሸነፈችው በመለያ ምት ነው።

ለእኔ ይበልጥ የከበደኝ ከዚያ በፊት የሆነው ነው። ራቲ ያን የውድድር ዘመን የተጫወተችው ለቻይናው የሼንዘን ቡድን ነው። ቡድኑ የሚወዳደርበት የካናዳ የሴቶች ሊግ ሊዘጋ መሆኑን ያሳወቀው ማርች 31 ላይ ነበር፤ ፍጻሜው ሊደረግ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ማለት ነው። የእንጀራዋ ነገር እንዲህ ተንጠልጥሎ ነው እንግዲህ ያን ሁሉ ያዳነችው። የሻምፒዮናው ምርጥ በረኛም ተብላለች።

እንዲህ ያለውን ሰው ብዙዎቻችን «ቻይ ናት» ብለን እናልፋለን። ራቲ ግን ዝም ብላ የምትችል ሴት አይደለችም። በ2014 ከሶቺ ኦሊምፒክ በኋላ፣ ገና በ24 ዓመቷ፣ ሴቶች ደመወዝ እየተከፈላቸው የሚጫወቱበት ሊግ ከሌለ አቆማለሁ ብላ በአደባባይ ተናግራለች። ከዚያም ቤቷ አልተቀመጠችም፤ በፊንላንድ ሁለተኛ ደረጃ የወንዶች ሊግ ለኪዬኮ ቫንታ ፈረመች። ከእሷ የተማርኩት ይህንን ነው። ቅሬታ ካለህ ጮክ ብለህ፣ ስምህን አስቀምጠህ ተናገር። መረቡ ፊት ስትቆም ግን ዓይንህ ከጎማዋ አይነቀል። ሥራ ቦታ ሁለቱን የሚያቀላቅል ሰው ብዙ አይቻለሁ፤ ቅሬታውም ሰሚ አያገኝ፣ ሥራውም አይሠራ።

በሰሜን አሜሪካ ደመወዝ የሚከፍለው አዲሱ የሴቶች ሊግ የተጀመረው በጃንዋሪ 2024 ነው። በዚያ ፍጻሜ የፊንላንድን ብቸኛ የጸደቀ ጎል ያስቆጠረችው ሱዛና ታፓኒ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ተጫውታበታለች። ራቲ ያኔ 34 ዓመቷ ነበር።