የኢትዮጵያ ዋንጫን አትናቁብኝ!

ዛሬ ከሥራ በኋላ ፒያሳ ቡና እየጠጣን ጨዋታችን ወደ ኢትዮጵያ ዋንጫ፣ ወደ እግር ኳስ ክለቦቻችን የጥሎ ማለፍ ውድድር ሄደ። አንዱ ወንድማችን «ሊጉ እያለ ይሄ ዋንጫ ምን ያደርጋል?» አለ። ዝም ማለት አልቻልኩም።

የሶዶው ክለብ ወላይታ ድቻ በ2009 ይህን ዋንጫ ባያነሳ ኖሮ ለአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ በምን ያልፍ ነበር? በ2010 ታላቁን የግብፅ ክለብ ዛማሌክን እዚሁ ሐዋሳ ላይ 2 ለ 1 አሸነፉት። ግብፅ ሄደው 2 ለ 1 ቢሸነፉም በመለያ ምት ጥለውት አለፉ። ዛማሌክን እኮ ነው! የሶዶ ልጆች! አሁንም ሳወራው ሰውነቴን ይነዝረኛል።

ሊግ ሰፊ ስብስብና ገንዘብ ላለው ያደላል። በጥሎ ማለፍ ግን ታናሹ ክለብ ለ90 ደቂቃ ከጨከነ ታላቁን ወደ ቤቱ ይሸኛል። ለዚህ ነው የምወደው።

ቀጣዩን የዋንጫ ጨዋታ አብረን ስታዲየም ልናይ ተቀጣጥረናል። የሐዋሳ ልጆች፣ ኑ!