በደሴ የተዘጋ አፓርታማና የመድን ምርጫው

ቨርጂኒያ ለምኖርበት አፓርታማ የቤት መድን ለመግዛት ከአንድ የስልክ ንግግር በላይ አላስፈለገኝም። በደሴ ከተማ ቧንቧ ውኃ አካባቢ ለገዛሁት ቤት ግን የመድን ውል መምረጥ ከቤቱ ግዢ ያላነሰ ሐሳብ ጠየቀኝ። የአገራችን የመድን አሠራር የተወሳሰበ ስለሆነ አይደለም፤ ባለቤቱ ባሕር ማዶ የሚኖርበት ቤት በመሆኑ ነው። ቤቱን የገዛሁት እናቴ እንድታርፍበት ነበር፤ እሷ ግን ከኖረችበት ግቢና ከቅሬዋ (ከእድሯ) መራቅ ስላልፈለገች አፓርታማው አብዛኛውን ጊዜ ተዘግቶ ይከርማል። ኋላ እንደተረዳሁት የዋጋውም የሽፋኑም ጥያቄ የሚዞረው በዚሁ መዘጋት ዙሪያ ነው።

አሜሪካ ውስጥ የጋራ ሕንፃ ቤት ያለው ሰው ኤችኦ-6 የሚባለውን ውል ይገዛል፤ ይህም ከግድግዳው ወደ ውስጥ ያለውን፣ ዕቃውንና በጎረቤት ላይ ለሚደርስ ጉዳት ያለበትን ኃላፊነት የሚሸፍን ሲሆን፣ ጣሪያውን፣ ደረጃውንና የውጭውን አካል የባለቤቶቹ ማኅበር በጋራ መድን ያስገባዋል። በኢትዮጵያም የጋራ ሕንፃ ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 የግል የሆነውንና የጋራ መጠቀሚያውን ለይቶ አስቀምጧል፤ ባለቤቶችም ማኅበር ያቋቁማሉ። ስለዚህ ወደ መድን ሰጪ ከመሄዴ በፊት ደሴ ያለውን ታላቅ ወንድሜን ወደ ማኅበሩ ሰብሳቢ ላክሁት። መልሱ አጭር ነበር፤ ሕንፃው እንደ ሕንፃ ምንም መድን የለውም፣ የፈለገ ለየራሱ ይገባል። እሳት ከላይኛው ፎቅ ተነሥቶ ጣሪያውን ቢያወርደው የእኔ ውል የእኔን ክፍል እንጂ የጋራውን ጣሪያ አያሠራም ማለት ነው። ይህን ሳያጣሩ ስለ አረቦን (ለመድኑ ስለሚከፈለው ገንዘብ) ርካሽነት መነጋገር ከንቱ ድካም ይመስለኛል።

ቀጥሎ የመጣው የቤቱ ግምት ነው። በውጭ የምንኖር ሰዎች የቤታችንን ዋጋ በዶላር እንይዛለን፤ የመድን ውሉ የሚጻፈው ግን በብር ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ላይ የምንዛሬው ተመን ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ፤ ሲሚንቶውም ብረቱም ሴራሚኩም ዋጋው አብሮ ተነሣ። ከዚያ በፊት የተጻፈ ግምት ዛሬ ቤቱን ግማሽ ድረስ እንኳ አያሠራ ይሆናል። ጉዳቱ ደግሞ ቤቱ ሙሉ በሙሉ ሲወድም ብቻ የሚታይ አይደለም። ለመሥራት 6 ሚሊዮን ብር የሚያስፈልገው ቤት በ3 ሚሊዮን ብር መድን ቢገባለትና ወጥ ቤቱ ብቻ ተቃጥሎ የ400 ሺህ ብር ጉዳት ቢደርስ፣ መድን ሰጪው በተመጣጣኝ ስሌት 200 ሺህ ብር ብቻ ይከፍላል፤ የቀረውን ግማሽ ባለቤቱ ራሱ እንደተሸከመው ይቆጠራል። በሌላ በኩል የገዛሁበትን ዋጋ እንዳለ ማስመዝገብም ትርፉ አረቦን ማብዛት ነው፤ የአፓርታማ ዋጋ ውስጥ ቦታውም አለበትና፣ ቦታ ደግሞ አይቃጠልም። የሚያስፈልገው የመልሶ መሥሪያ ግምት ሲሆን፣ ያንን ከደላላ ሳይሆን ከመሐንዲስ መጠየቅ ይሻላል።

ወደ ዋናው ጉዳይ ልመለስ። የኢትዮጵያ መድን ድርጅት በ1968 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላ ለረጅም ጊዜ ብቻውን ሠርቷል፤ ከ1986 ዓ.ም. አዋጅ ወዲህ ግን የግል ኩባንያዎች ስለተጨመሩ ዛሬ ደሴ ላይ አማርጦ መግዛት ይቻላል። ወንድሜ ከተለያዩ ቅርንጫፎች የውል ረቂቅ እየሰበሰበ በስልክ ፎቶ ይልክልኝ ነበር። በአብዛኞቹ ውስጥ በትንንሽ ፊደል የተቀመጠ አንድ አንቀጽ አገኘሁ፦ ቤቱ ሰው ሳይኖርበት ከ30 ቀን በላይ ከቆየና መድን ሰጪው አስቀድሞ በጽሑፍ ካልተስማማ ሽፋኑ ይቋረጣል። የአሜሪካ ውሎችም ለባዶ ቤት ተመሳሳይ ገደብ አላቸው፤ እዚህ ግን የምንኖርበትን ቤት ስለምናስገባ ልብ አንለውም። በየሁለትና በየሦስት ዓመቱ ለገና ወይም ለበጋ ዕረፍት ብቻ ለሚሄድ ሰው ይህ አንቀጽ በሥራ ላይ ካለ፣ የከፈለው አረቦን ገና ከሁለተኛው ወር ጀምሮ የሚገዛው ነገር የለም።

ወንድሜ ነገሩን ለማቅለል ሲል፣ «እናታችን አለችበት ብለህ ቅጹ ላይ ብትሞላ ማን ሊያጣራ ነው?» አለኝ። «አያ፣ የሚያጣሩትማ ቤቱ የተቃጠለ ዕለት ነው» አልኩት። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ የመድን ክፍሉ ዛሬም የሚሠራ ሲሆን፣ መድን ገቢው የሚያውቀውን ሁሉ በትክክል እንዲገልጽ ያዛል፤ ሆን ብሎ የደበቀ ወይም በሐሰት የሞላ ሰው ውሉ ፈራሽ ይሆንበታል። ጎረቤቶቹ፣ ጥበቃው፣ የመብራት ቆጣሪው ንባብ ሳይቀር ቤቱ ባዶ እንደነበር ይመሰክራሉ።

መፍትሔው የመጣው ከቤተሰብ ነው። የእኅቴ ልጅ በወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴ ግቢ ስለምትማር አፓርታማው ውስጥ እንድትኖር ተስማማን፤ ስሟም በነዋሪነት በውሉ ተጻፈ። ይህም ቢሆን ክፍተት ነበረው፤ ክረምት ሲገባ ወደ ወልድያ ወደ ወላጆቿ ትሄዳለች፣ ደሴ ላይ ዝናቡም መብረቁም የሚበረታው ደግሞ በሐምሌና በነሐሴ ነው። ለእነዚያ ወራት የተለየ ተጨማሪ ስምምነት እንዲጻፍልን ጠየቅን። አንደኛው ኩባንያ አሻፈረኝ አለ። ሌላው ዋናው የውኃ መዝጊያና የመብራት ማብሪያው እንዲዘጋ፣ ወንድሜም በየሳምንቱ ገብቶ እንዲያይ በመጠየቅ ተስማማ። አረቦኑ ከሁሉም ውድ የነበረው እሱ ነው፤ የመረጥኩትም እሱን ነው።

የውኃውን ነገር ሳነሣ ብዙዎች የሚገባቸው ይመስለኛል። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ቧንቧ ከፍቶ «የለም» ብሎ መሄድ የተለመደ ነው፤ ሌሊት ሲለቀቅ ታች ካለው ሰው ቤት ምንጣፉም ሶፋውም በውኃ ይዋኛል። ጣሪያ ላይ የተሰቀለ ሮቶም ሊፈስ ይችላል። መደበኛው የእሳትና የመብረቅ መድን ይህን አያካትትም፤ የቧንቧና የታንከር መፍሰስ ተብሎ ለብቻው መጨመር አለበት፣ የጎረቤት ጉዳት ደግሞ በሌላ ሽፋን ነው። ኤሌክትሪክም እንዲሁ ነው፦ የመብራት ኃይል ከፍና ዝቅ ብሎ ምጣዱን ወይም ማቀዝቀዣውን ቢያቃጥለው መሣሪያው ራሱ አይከፈልም፤ ከእሱ ተነሥቶ ቤቱን የበላው እሳት ግን ይከፈላል። ስርቆት ላይ ደግሞ በር ወይም መስኮት ተሰብሮ መገባቱ መታየት አለበት፤ ቁልፍ በእጁ ያለ ሰው ወስዶት ከሆነ ሽፋን የለም። ቁልፍ ለዘመድ ለጎረቤት ማደል ለምንወድ ለእኛ ለወሎዬዎች ይህ ትንሽ ቅር ያሰኛል።

ደሴ በጦሳ ተራራ ሥር፣ በተዳፋት ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ የመሬት መንሸራተት ለነዋሪዋ እንግዳ ነገር አይደለም። የመሬት መንቀጥቀጥም ሩቅ አይደለም፤ በ1953 ዓ.ም. ማጀቴ የምትባለውን ከተማ ያፈረሰው የካራ ቆሬው መንቀጥቀጥ የደረሰው ከኮምቦልቻ በስተደቡብ በአዲስ አበባ መንገድ ላይ ነው። ሁለቱንም ጨመርኩ፤ ሲጨመሩ የሚያስከፍሉት ከፈራሁት ያነሰ ነበር።

ጦርነት ግን የተለየ ጉዳይ ነው። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር ደሴና ኮምቦልቻ ያዩትን የማያስታውስ የለም። መደበኛ የንብረት መድን የጦርነትን ጉዳት በግልጽ ያገልላል፤ ለፖለቲካ ሁከትና ለሽብር በተናጠል የሚሸጥ ሽፋን ቢኖርም ሙሉ ጦርነትን ይጨምር አይጨምር በየውሉ ስለሚለያይ፣ ቃል በቃል አስነብቤ በጽሑፍ መልስ ጠይቄያለሁ። የተሰጠኝ መልስ ሁከትን እንጂ ጦርነትን ስላልጨመረ ይህን ሽፋን ሳልገዛው ቀረሁ፤ ሱቅ ቢኖረኝ ኖሮ ግን እገዛው ነበር።

ለባለ ውጭ ዜግነት አንድ ነገር ልጨምር። ቢጫ ካርድ (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ) የያዘ ሰው በአዋጅ ቁጥር 270/1994 መሠረት ቤት በስሙ ማድረግ ይችላል፤ ካርታው በዘመድ ስም ከሆነ ግን መድኑም ካሣውም የዘመዱ ነው የሚሆነው። ለወኪል የሚሰጠው ውክልና ላይም መድን መግባት፣ ማደስና ካሣ መቀበል በስም ካልተጠቀሱ ቅርንጫፉ ይመልሰዋል። ወለድ የሚያሳስባቸው ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ብሔራዊ ባንክ የፈቀደውን የታካፉል (ከወለድ ነፃ የሆነ የመድን) መስኮት መጠየቅ ይችላሉ፤ ከፎቃችን ያሉት ሐጂ ቤታቸውን ያስገቡት በዚያ ነው። እርሳቸው አሁን የማኅበሩን አባላት ለጋራ ጣሪያና ለደረጃ መድን እንዲያዋጡ እየለመኑ ናቸው፤ እኔም ድርሻዬን በወንድሜ በኩል ልኬያለሁ።