ጠረጴዛ ማከራየት ኮወርኪንግ አይደለም

አንድ ፎቅ ተከራይቶ ሃያ ጠረጴዛ መደርደር፣ ዋይፋይ ማስገባትና በሩ ላይ «ኮወርኪንግ» (ለየራሳቸው የሚሠሩ ሰዎች አንድ ቤት ውስጥ አብረው የሚውሉበት) ብሎ መለጠፍ ማንንም አያስጠይቅም። ቃሉ ባለቤት የለውም። ጥሩነቱም ጣጣውም ከዚሁ ይመነጫል።

ባለቤት ያጣው በአጋጣሚ አይደለም። የሳንፍራንሲስኮው ፕሮግራመር ብራድ ኒውበርግ እ.ኤ.አ. በ2005 በወርኃ ኦገስት ሐሳቡን ሲጀምረው፣ ሚሽን በሚባለው ሰፈር «ስፓይራል ሙዝ» ከተባለ የሴቶች ማኅበር ቤት በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ተከራይቶ ነበር፤ ኪራዩ በወር 300 ዶላር። የመጀመሪያው ወር ያለ ሰው አለፈ። ኒውበርግ የፈለገው ለራሱ የሚሠራ ሰው ነፃነት እና የመሥሪያ ቤት ባልደረባ ወግ አንድ ላይ እንዲገኙ ነው። ሐሳቡን ማንም ወስዶ እንዲሠራበት ክፍት አደረገው፤ ቃሉም በዚያው ተዛመተ።

ወደ አማርኛ ስናመጣው «የጋራ የሥራ ቦታ» አልነው። እዚህ ላይ ትንሽ ተሸወድን። «ቦታ» የሚለው ቃል ገብቶ ሰዎቹን ገፋቸው። አንዳንዱ ደግሞ ከደቦ ጋር ያመሳስለዋል፤ እሱም ልክ አይመጣም፤ ደቦ የአንድ ሰው ማሳ ላይ ተረባርቦ በተራ መመላለስ ነው። እኔ ካየሁት ሁሉ የሚቀርበው ፈትል ነው፦ ሴቶች የየራሳቸውን እንዝርትና ጥጥ ይዘው አንድ ቤት ይቀመጣሉ። የምትፈትለው እያንዳንዷ የራሷን ነው፤ ወሬው፣ ምክሩ፣ «ይህ ክር ወፈረብሽ» መባባሉ ግን የሁሉም ነው። ወሬውን ብታወጣው የሚቀረው ጥጥ ብቻ ነው።

ቦታው ሰዎቹን ሲገፋ ምን እንደሚከተል በትልቁ ያሳየው ቢሮ እየከፋፈለ የሚያከራየው ኩባንያ ዊወርክ ነው። ኒውዮርክ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2010 ተመሠረተ፤ በ2019 መጀመሪያ 47 ቢሊዮን ዶላር ተገመተ፤ በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር አክሲዮኑን ለሕዝብ ለመሸጥ ያቀረበውን ማመልከቻ አነሳ፤ በኖቬምበር 2023 የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ። ያ ማመልከቻ ሁለት ነገሮችን ገልጾ ነበር። አንደኛው፣ አሜሪካ ውስጥ ሕንፃዎቹን የሚከራየው በአማካይ ለ15 ዓመት ገደማ ሲሆን ብዙው ተጠቃሚ ግን በአጭር ውል የሚገባና የሚወጣ መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ 40 በመቶ ያህሉ አባልነት የትልልቅ ኩባንያዎች መሆኑ። ያ የቢሮ ኪራይ ነው፤ ነውር የለውም፤ ሌላው ቢሮ አከራይ ሬጉስ ከ1989 ጀምሮ ስሙን ሳይሸፍን ይሠራዋል። ችግሩ የቢሮ ኪራይን «ማኅበረሰብ» ብሎ መሸጡ ላይ ነው።

ወደ እኛ ስንመጣ አደጋው መልኩን ይቀይራል። የቴክኖሎጂ ጀማሪዎች ማዕከል የሆነው አይስአዲስ እ.ኤ.አ. በ2011 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕንፃ ተቋም ውስጥ ሲጀመር ጀምሮ፣ እንዲህ ያሉ ቤቶች ከስታርታፕ (የጀማሪ ኩባንያ) ማበልጸጊያ ጋር ተቆራኝተው ነው የመጡት። ማበልጸጊያ ለተወሰነ ጊዜ የተመረጡ ሰዎችን ይዞ የሚሠራ፣ ብዙ ጊዜም በፕሮጀክት ገንዘብ የሚቆም ነው። ኮወርኪንግ ግን በአባላቱ ወርኃዊ ክፍያ ካልቆመ ፕሮጀክቱ ያለቀ ዕለት ጠረጴዛውም ይነሳል። ሁለቱን አንድ ጣሪያ ሥር ማድረግ ይቻላል፤ ሒሳባቸው ግን የተለያየ መዝገብ ላይ ይዋል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ቤት መፈለግ አይደለም። አሥር ሰው ማግኘት ነው። በሳምንት ሁለት ቋሚ ቀን፣ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ፀጥ ያለ ካፌ ወይም በውሰት የተገኘ አዳራሽ ውስጥ ለሁለት ወር አብራችሁ ሥሩ። ሳይጠሩ የሚመጡት አባላት ናቸው። ከእነዚህ ከአሥሩ የአንድ ወር ክፍያ አስቀድሞ ሳይሰበሰብ የኪራይ ውል አይፈረም። አከራይ የብዙ ወር ቅድሚያ ክፍያ በሚጠይቅበት ከተማ ውስጥ ባዶ ቤት ይዞ አባል መጠበቅ የዊወርክን ስሕተት በትንሹ መድገም ነው።

አሁን ቤቱ። ለአንድ መቀመጫ መተላለፊያውን ጨምሮ ወደ 5 ካሬ ሜትር ያዙ። 25 መቀመጫ 125 ካሬ ይፈልጋል፤ ወጥ ቤቱና የስልክ ክፍሎቹ ከዚያ ውጭ ናቸው። ከ25ቱ 10ሩን ቋሚ (የአንድ አባል ብቻ)፣ 15ቱን ተዘዋዋሪ (ቀድሞ የመጣ የሚቀመጥበት) አድርጉ። ተዘዋዋሪ አባል በየቀኑ ስለማይመጣ 15 ጠረጴዛ 35 ሰው ሊይዝ ይችላል፤ ይህን የሚወስነው ግን ቆጠራ ነው። ማክሰኞና ረቡዕ ከጠዋቱ 5 ሰዓት ላይ የተያዙትን መቀመጫዎች ቁጠሩ፤ ብዙ ጊዜ ሰው የሚበዛው ያን ጊዜ ነው። ለሦስት ተከታታይ ሳምንት ከ15ቱ 13ቱ ከተያዙ አዲስ አባል መቀበል ይቁም። ከፍሎ መጥቶ ቦታ ያጣ ሰው በሁለተኛው ጊዜ አይከራከርም፤ ዝም ብሎ ይቀራል።

ሒሳቡን ለስሌት ያህል እንየው። ቋሚው በወር 6,000 ብር፣ ተዘዋዋሪው 3,000 ቢሆን፣ 10 እና 35 አባል 165,000 ያስገባሉ። ኪራዩ 80,000 ከሆነ ቤቱ ሲሞላ ይመቻል። ግን ስድሳ በመቶ ብቻ ሲሞላ 99,000 ነው የሚገባው፤ ከኪራዩ የሚተርፈው 19,000 ደግሞ የኢንተርኔት፣ የመብራት፣ የጽዳትና የአንድ ሠራተኛ ደመወዝ አይሸፍንም። ቤቱ መሸጥ የማይገባውን መሸጥ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። መጀመሪያ አዳራሹን በሥራ ሰዓት ለሥልጠና ያከራያል፤ ማይክሮፎኑ ሲከፈት አባላቱ ቦርሳቸውን ያነሳሉ። ቀጥሎ ለንግድ ፈቃድ የሚሆን አድራሻ ብቻ ለሚፈልግ፣ መልኩ ታይቶ ለማይታወቅ ሰው «አባልነት» ይሸጣል። በመጨረሻ አንድ ድርጅት መጥቶ «12 ጠረጴዛ በአንዴ እንይዛለን» ይላል።

ይህ የመጨረሻው በጣም ያጓጓል፤ በጣምም ይጎዳል። ከ25 መቀመጫ 12ቱ የአንድ መሥሪያ ቤት ሲሆኑ የምሳ ሰዓቱ፣ የስብሰባ ክፍሉ፣ ቀልዱ ሳይቀር የእነሱ ይሆናል፤ ብቻውን የመጣው ተርጓሚ ወይም ግራፊክ ዲዛይነር በራሱ ቤት እንግዳ ነው። ድርጅቱ የራሱን ቢሮ ያገኘ ወር ደግሞ ግማሽ ገቢው አብሮት ይወጣል። ጣሪያው ከመቀመጫው አንድ አምስተኛ ይሁን፤ ከ25 አምስት። ይህ በቃል የሚነገር ሳይሆን በውል የሚጻፍ ነው፤ ገንዘብ ሲያጥር ቃል ይታጠፋል።

ስለ ድምፅ አጭር ልበል። ለአሥር ሰው አንድ የስልክ ክፍል ያስፈልጋል። አየር ማውጫ ከሌለው ሰው አሥራ አምስት ደቂቃ ሳይቆይ ላብ ያጠምቀውና ወደ አዳራሹ ወጥቶ ያወራል። በሩ ሥር ያለው ክፍተት ካልተደፈነ ግድግዳውን በስፖንጅ መለበጥ ጥቅሙ ትንሽ ነው። ጮክ ብሎ የሚያወራን ሰው መቅጣት ደግሞ አልመክርም፤ ሃምሳ ብር ቅጣት ለአንዳንዱ የመጮህ ዋጋ ሆኖ ይገኛል።

መብራት ሲጠፋ ላፕቶፖቹ የራሳቸው ባትሪ አላቸው፤ ሰው የሚበተነው ኢንተርኔቱ ስለሚቋረጥ ነው። የፋይበር መቀበያውና ራውተሩ አንድ ላይ ብዙ ጊዜ 20 ዋት ገደማ ይፈጃሉ። 12 ቮልት፣ 18 አምፒር-ሰዓት የሆነ ባትሪ 216 ዋት-ሰዓት ይይዛል፤ ባትሪው ቶሎ እንዳይሞት ግማሹን ብቻ ብትጠቀሙ አምስት ሰዓት ያህል ያቆያል። ሁለቱም መሣሪያ 12 ቮልት የሚፈልግ መሆኑን ከጀርባው ጽሑፍ አረጋግጡ፤ ባትሪ ሲሞላ ከ14 ቮልት በላይ ሊደርስ ስለሚችል በመሐል የቮልት ማስተካከያ ይግባ። ለመላው ቤት ጄኔሬተር ከማስጮህ በፊት ይህ ይቅደም። በጨለማ ተቀምጠው እየሠሩ የሚሳሳቁ አባላት ካላችሁ ቤቱ ገና አለ።

ቡናው ሌላ ነገር ነው፤ እኛ ከማንም የምንሻልበት። ማፍያውን ከመግቢያው በርና ከጠረጴዛዎቹ መካከል አድርጉት፤ ወደ ሥራው የሚሄድ ሁሉ በዚያ እንዲያልፍ። ጓዳ ከተደበቀ ሰው ስኒውን ይዞ ወደ ጠረጴዛው ይመለሳል። ከሰል ግን በተዘጋ ክፍል ውስጥ አይቀጣጠል፤ ጭሱ ባይታይም ጋዙ ራስ ያዞራል፣ ይገድላልም። ወይ በረንዳ ላይ ይፈላ ወይ በኤሌክትሪክ ምድጃ። ሰዓቱ ቋሚ ይሁን፤ ሐሙስ ከቀኑ 10 ሰዓት ቢሆን ጥሩ ነው። አቦሉ ላይ በሳምንቱ የገባ አዲስ አባል ይተዋወቃል፦ ስሙ፣ የሚሠራው፣ አሁን የቸገረው አንድ ነገር። ቶናው ላይ ከነባሮቹ አንዱ ያለበትን ያነሳል። በረካ እስከዚያ ለቆየ ሰው።

አስተናጋጁም (ብዙዎች ኮሚዩኒቲ ማናጀር የሚሉት) ዋና ሥራው ይኸው ነው፤ ቁልፍ መያዝና ደረሰኝ መቁረጥ የትርፍ ሰዓቱ ነው። አንድ ደብተር ይያዝ። የእያንዳንዱ አባል ስም፣ ሙያ፣ የሚፈልገው ነገር እና ከማን ጋር እንዳገናኘው ከነቀኑ ይጻፍበት። አዲስ ሰው በመጀመሪያዎቹ ሰባት ቀናት ከሦስት አባላት ጋር ካልተገናኘ፣ ከወር በኋላ ቤቱን የሚለካው በኢንተርኔቱ ፍጥነት ብቻ ይሆናል። ፈጣን ኢንተርኔት ደግሞ ነገ ሌላ ቤት ያስገባል።

በየሦስት ወሩ አባላቱን ሰብስቦ ገቢና ወጪውን ማሳየት አዲስ ፈጠራ አይደለም። እድር ሰብሳቢ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አለው፤ እኛ ይህን አሠራር ከልጅነታችን እናውቀዋለን። ባለቤቱ ትርፉን መግለጽ ባይፈልግ እንኳ ኪራዩን፣ የመብራቱንና የኢንተርኔቱን ወጪ ያሳይ። ዋጋ ሲጨምር የሚያጉረመርመውና የሚረዳው ሰው የሚለያየው በዚህ ነው።

የከፈታችሁት ቤት ኮወርኪንግ መሆን አለመሆኑን ለማወቅ ሦስት ወር የቆየ አንድ አባል ጥሩና ከጠረጴዛ ጎረቤቶቹ ውጭ የአምስት ሰው ስምና ሥራ ጠይቁት። አምስቱንም ከነገራችሁ በሩ ላይ የተለጠፈው ትክክል ነው። ሁለት ላይ ከቆመ አስተናጋጁን ደብተሩን ይዞ እንዲመጣ ጥሩት። አንድም ካላወቀ፣ ማስታወቂያውን አውርዳችሁ «የሚከራይ ጠረጴዛ፣ ኢንተርኔትና ጄኔሬተር ያለው» ብላችሁ ጻፉ፤ ይህን ፈልጎ የሚዞር ብዙ ሰው አለ፣ ደስ ብሎት ይከፍላል።