ማሳዬን በጥልቀት ሳርስ ያየሁት

ዝናብ ሲዘንብ ማሳዬ ላይ ውሃ ይተኛል። ዝናቡ ትንሽ ቀናት ካቋረጠ ደግሞ ሰብሉ በቀትር ይጠወልጋል። ሁለቱ በአንድ ማሳ ላይ ሲታዩ ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ ከታች ነው። ውሃው አይወርድም፣ ሥሩም አይወርድም።

ስለዚህ ትራክተር ከመፈለጌ በፊት በአካፋ ቆፈርኩ። የጉድጓዱን ግድግዳ ከላይ ወደ ታች በቢላ ጫፍ ወጋ ወጋ አደረግኩት። ላይኛው በቀላሉ ያስገባል። 20 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ላይ ቢላው አልገባ አለ። ከ28 በታች እንደገና ላላ። የሰብሉ ሥሮችም ያንን ድፍን ንብርብር ሲነኩ ወደ ጎን ታጥፈዋል። ይሄ ምንም ወጪ የለውም፤ ብዙ ሰው ግን ይዘለዋል።

እንዲህ ያለው ንብርብር የሚፈጠረው ዓመት በመጣ ቁጥር በተመሳሳይ ጥልቀት ሲታረስ ነው። ማረሻው ከሥሩ ያለውን አፈር ይጫነዋል። የትራክተሩ ጎማ በፈሩ ውስጥ ሲሄድበት ደግሞ ይብስበታል። ፔኔትሮሜትር የሚባል የአፈር ጥጥረት መለኪያ አለ፤ አፈሩ ከ2 ሜጋፓስካል በላይ ግፊት ከተቋቋመ የብዙ ሰብሎች ሥር እድገት ክፉኛ ይገታል። መለኪያው ከሌለ ቢላውና የሥሩ ቅርጽ ይበቃሉ።

ምርጫዬ ሁለት ነበር፦ አፈሩን ከጥልቀት የሚገለብጥ ማረሻ፣ ወይም ሳይገለብጥ የሚሰነጥቅ ሰብሶይለር። ማሳውን ከፍዬ ሁለቱንም ሞከርኩ። መሀል ላይ አንድ ቁራጭ ሳልነካ ተውኩ። ማነጻጸሪያ ከሌለ ለውጡ ከማረሻው ይሁን ከዝናቡ አይታወቅም።

ትልቁ ጉዳይ እርጥበቱ ነው። ከ30 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ጭብጥ አፈር አውጥቼ በመዳፌ መሀል እንደ ክር አሽከረከርኩት። ሳይበጠስ ክር ከሆነ ገና እርጥብ ነው። ብረቱ ይቆርጠዋል እንጂ አይሰነጥቀውም፤ ያለፈበትን ግድግዳም ይለስነዋል። ሲፈረፈር ነው ጊዜው። ጨርሶ ድንጋይ ከሆነ ደግሞ ነዳጅ ይጨርሳል፣ ትልልቅ ጓል ይነቅላል። የእኔ ማሳ ላዩ ደርቆ ታቹ እርጥብ ስለነበር ጠበቅኩ። ባለ ትራክተሩ ፊቱን አጠቆረብኝ፤ ምን ላድርግ!

ሰብሶይለሩን 33 ሴንቲ ሜትር ላይ አስተካከልነው፣ ከንብርብሩ ትንሽ ዝቅ ብሎ። የጥርሶቹን ርቀት ከጥልቀቱ ብዙም አላራቅነውም፤ በጣም ከተራራቁ በመሀላቸው ያልተሰበረ አፈር ይቀራል። በጠለቀ ቁጥር ይሻላል የሚባለው ነገር አያስኬድም። ጥርሱ ከተወሰነ ጥልቀት በታች ሲገባ አፈሩን ወደ ላይ ማንሳቱን ትቶ ወደ ጎን ይጫነዋል። በራሳችሁ ነዳጅ አዲስ ጥቅጥቅ አፈር ትሠራላችሁ ማለት ነው።

በተገለበጠው ክፍል ፈዘዝ ያለው የታች አፈር ላይ ወጣ። ብስባሹ ትንሽ ስለሆነ ከመጀመሪያው ዝናብ በኋላ ቅርፊት ሠራ፤ ቡቃያውም እዚህም እዚያም ሆነ። አረሙ መጀመሪያ ላይ ቀንሶ ነበር፣ ዘሩ ተቀብሯላ። ግን ከተቀበረው ውስጥ ለዓመታት ሳይሞት የሚቆይ አለ፤ ድጋሚ በዚያው ጥልቀት ከተገለበጠ ተመልሶ ይወጣል። የተሰነጠቀው ክፍል ከላይ ሲታይ ምንም የተደረገ አይመስልም። ገለባው እንኳን አልተቀበረም። ውሃው ግን ሰረገ፣ ሥሩም ከንብርብሩ አለፈ። ያልተነካው ቁራጭ ላይ ውሃው እንደ ድሮው ተኝቷል።

መገልበጥ ቦታ የለውም አልልም። ጎርፍ በጥሩ አፈር ላይ አሸዋ ሲደፋ፣ ወይም ላዩ አሸዋ ሆኖ ታቹ ሸክላ ሲሆን ሊጠቅም ይችላል። መሰንጠቅም ሁሉ ቦታ አይሠራም። ሶዲየም የበዛበት የታች አፈር ጂፕሰም የሚባለው የካልሲየም ማዕድን ካልተጨመረበት ሲረጥብ ስንጥቁ መልሶ ይደፈናል።

ከእርሻው በኋላ ያለው ጥንቃቄ ከእርሻው ያላነሰ ነው። የተሰነጠቀ አፈር ልል ስለሆነ የመጀመሪያው የጎማ ጉዞ ነው ከሁሉም የበለጠ የሚጠቀጥቀው። ስለዚህ ትራክተሩ ሁልጊዜ በተወሰኑ መስመሮች ብቻ እንዲሄድ አደረግኩ። ወዲያውም ሥሩ ጠልቆ የሚሄድ አልፋልፋ የሚባል የመኖ ተክል ዘራሁ፤ ስንጥቁን ክፍት አድርጎ የሚያቆየው ሥር ነው። ትራክተሩ የሚዞርበት የማሳው ጫፍ ግን ያለ ጎማ አልዋለም፣ መልሶም ጠጠረ። እዚያ ሁለተኛ አላስሰነጥቅም፤ መዞሩ እስካልቀረ ድረስ ነዳጁ በከንቱ ነው።